ቤታችንን በእጅ መርጫ ስንቀባ



ይህ ንግግር በሬዲዮ የተነገረ ነው። በጆሯችሁ የሰማችሁትን አሁን በዓይናችሁ ታነቡታላችሁ። ያልሰማችሁም ከዚሁ ጀምሩ። አትቸኩሉ። የሚከብድ ቃል ሲገጥማችሁ ጣታችሁን ከሥሩ አድርጋችሁ ፊደል በፊደል ቁጠሩት።

የዛሬው ጨዋታችን ስለ ቀለም መርጫ ነው። በአንድ እጅ ስለሚያዝ፣ በመብራት ስለሚሠራ ትንሽ መሣሪያ። ብዙ ሰው «ስፕሬይ» ይለዋል። ቅርጹ ሽጉጥ ይመስላል። ቀለም የሚሞላበት ኩባያ አለው። ቀለሙ የሚወጣበት አፍንጫ አለው። በጣት የሚሳብ ቃታም አለው። ድሮ እንዲህ ያለ ነገር የምናየው መኪና በሚቀባበት ጋራዥ ነበር። አሁን የሕንፃ ዕቃ በሚሸጥበት ሱቅ ይገኛል። ከዓረብ አገር የሚመለሱ ዘመዶቻችንም በሻንጣ ይዘውት ይመጣሉ። የእኔንም ከዱባይ ያመጣልኝ ወንድሜ ነው።

አስተማሪ ስለ ቀለም ምን አገባት ትሉ ይሆናል። ያገባኛል። በመምህራን ማሠልጠኛ ተቋም ሳለሁ ጥቁር ሰሌዳ መቀባት ተምሬአለሁ፤ በብሩሽ። ዛሬም ክረምት ባለፈ ቁጥር የክፍሌን ሰሌዳ የምቀባው እኔው ነኝ። ስለዚህ መርጫው በእጄ ሲገባ ሥራው ቀላል መሰለኝ። ቀለሙን መሙላት፤ ቃታውን መሳብ፤ አለቀ። እንደዚያ አይደለም። ሁለት ጊዜ ተሳሳትኩ። አንደኛው ስሕተቴ ያስቃል። ሁለተኛው አያስቅም። ሁለቱንም እነግራችኋለሁ።

በቅድሚያ መሣሪያው እንዴት እንደሚሠራ እንወቅ። ውስጡ ነፋስ የሚነፋ ሞተር አለው። ነፋሱ ቀለሙን ወደ አፍንጫው ያወጣዋል፤ እዚያም ይበትነዋል። ቀለሙ እንደ ጉም ሆኖ ይወጣል። ከላይ ሲጫኑት የሚረጭ የሽቶ ጠርሙስ አይታችሁ የለም? ያው ነው። ልዩነቱ ነፋሱ የሚመጣው ከሞተር መሆኑ ነው።

ነገሩም አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1887 በአሜሪካ አገር፣ በቺካጎ ከተማ፣ ጆሴፍ ቢንክስ የሚባል ሰው ነበር። የአንድ ትልቅ መደብር የጥገና ኃላፊ ነበር። የመደብሩን ምድር ቤት ኖራ ማስቀባት ነበረበት። በብሩሽ ቢሉት የሚያልቅ ሥራ አይደለም። ስለዚህ በእጅ ፓምፕ እየተገፋ ኖራ የሚረጭ መሣሪያ ሠራ። በ1893 በዚያው ከተማ ትልቅ ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ተከፈተ። የኤግዚቢሽኑን ሕንፃዎች ነጭ ለመቀባት ይኸው መርጫ ሠራ። ሰዎችም ቦታውን «ነጭ ከተማ» አሉት። በዚያው ዘመን አለን ደቪልቢስ የሚባል አሜሪካዊ ሐኪም ነበር። ለሕመምተኞች ጉሮሮ መድኃኒት የሚረጭ ትንሽ ዕቃ ሠራ። ኋላ ልጁ ቶማስ ያንን ዕቃ ለቀለም እንዲሆን አድርጎ አሻሻለው። አያችሁ? ለጉሮሮ መድኃኒት የተሠራው ዕቃ የቀለም መርጫ ሆነ። እኛ ደግሞ ዛሬ ጉሮሯችንን ከቀለም መርጫ እንዴት እንደምንጠብቅ እንነጋገራለን።

አሁን ወደ መጀመሪያው ስሕተቴ ልምጣ።

ወንድሜ መርጫውን ባመጣልኝ ሳምንት የግቢያችንን የላሜራ በር አረንጓዴ ልቀባ ተነሣሁ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነበር። ነፋስ ነበረ። «በሩ ውጭ ነው፤ ምን ይበላሻል?» ብዬ አንድም ነገር አልሸፈንኩም። ቃታውን ስስብ በሩ ወዲያው አማረ። ደስ አለኝ። ግን ከኩባያው የወጣው ቀለም ሁሉ በሩ ላይ አልቀረም። ነፋሱ ጉሙን ይዞ አጥሩን ተሻገረ። ወዲያ ማዶ ጎረቤታችን፣ አንዲት እማማ፣ ጋቢያቸውን አጥበው አስጥተዋል። በማግሥቱ ቤተ ክርስቲያን ሊሄዱበት። በአጥሩ ላይ ብቅ ብለው፣ «አንቺ ልጅ፣ ጋቢዬ ላይ ሣር አበቀልሽበት እኮ!» አሉኝ። ሳቁም ዕንባውም አንድ ላይ መጣብኝ። አዲስ ጋቢ ገዛሁላቸው። የዚያን በር ዋጋ ስትጠይቁኝ ጋቢውንም ጨምሬ ነው የምነግራችሁ።

እንግዲህ በመርጫ ሥራ ብዙውን ጊዜ የሚወስደው መርጨቱ አይደለም። መሸፈኑ ነው። ኋላ ሳሎኔን ስቀባ ለመሸፈን ግማሽ ቀን ፈጀብኝ። ለመርጨት ግን አንድ ሰዓት እንኳ አልሞላም። ወለሉን በፕላስቲክ ወይም በሸራ ሸፍኑ። መስኮቱን፣ የበሩን መቃን፣ ሶኬቱንና ማብሪያ ማጥፊያውን በአሮጌ ጋዜጣና በወረቀት ፕላስተር ሸፍኑ። የሚወጣ ዕቃ ካለ አውጡት። እንጀራ ያለበትን መሶብ፣ የውሃ ማጠራቀሚያውን፣ ዶሮዎቹን ሳይቀር አርቁ። ውጭ ስትሠሩ ነፋስ በሌለበት ጠዋት ሥሩ። ለጎረቤት አስቀድማችሁ ንገሩ።

ሥራው ትንሽ ከሆነ ግን መርጫውን ተዉት። አንድ የመስኮት መቃን ለመቀባት ይህን ሁሉ መሸፈንና ማጠብ አያዋጣም። ብሩሹ ይበቃል። ለሰፊና ለስላሳ ግድግዳ ሩሎ ጥሩ ነው። መርጫ የሚረዳው ብሩሽ የማይገባበት ቦታ ነው፦ የቆርቆሮ አጥር፣ የመስኮት ፍርግርግ ብረት፣ የብረት አልጋ፣ የቀርከሃ ወንበር፣ ሻካራ ግድግዳ። የቆርቆሮ አጥር በብሩሽ ቀብቶ የሚያውቅ ሰው የምለው ይገባዋል።

ግድግዳውም መዘጋጀት አለበት። ብዙዎቻችን ለእንቁጣጣሽ ብለን በነሐሴና በጳጉሜ እንቀባለን። ግድግዳው ያን ጊዜ የክረምቱን ውሃ ጠጥቷል። በተለይ የጭቃ ቤት። እርጥብ ግድግዳ ላይ የተረጨ ቀለም ብዙ ሳይቆይ ይላጣል። እኔን ብትሰሙኝ ጥቅምት እስኪገባ ጠብቁ። በዓሉን በተጠረገ ቤት ማክበር ይቻላል። ከዚያ የተላጠውን ፋቁ፤ የተሰነጠቀውን በስቱኮ ድፈኑ፤ አቧራውን ጥረጉ። ዝገት ያለበትን ብረት በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጉ። የዝገት መከላከያ ቀለም አስቀድሙለት።

ቆላ አገር ለምትኖሩ አንድ ነገር ልንገራችሁ። የቤታችሁ የውስጥ ግድግዳ ለወባ መከላከያ መድኃኒት ተረጭቶ ከሆነ ወዲያው ቀለም አትቀቡበት። ጭቃም አትምረጉበት። ትንኟ የምትሞተው ግድግዳው ላይ ስታርፍ ነው። መድኃኒቱን በቀለም ከሸፈናችሁት አይነካትም። መቼ መቀባት እንደምትችሉ የጤና ሠራተኛዋን ጠይቁ። ደግሞም የሰብል መድኃኒት የተረጨበትን ፓምፕ ለቤት ኖራ አትጠቀሙበት። ታጠበ ቢባልም አትመኑት። የኖራ ነገር ከተነሣ፣ ኖራ የትንሹን መርጫ አፍንጫ ይደፍናል፤ ዓይንንም ያቃጥላል። ዓይን ውስጥ ከገባ ብዙ ንጹሕ ውሃ እያፈሰሳችሁ ከ15 ደቂቃ ላላነሰ ጊዜ እጠቡና ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ።

ቀለሙን ወደ ኩባያው ከመሙላታችን በፊት እናጥልለዋለን። አሮጌ ስቶኪንግ ወይም ስስ ጨርቅ ይበቃል። በጣሳው ጠርዝ ላይ የደረቀ ቅርፊት ካለ አንዷ ፍርፋሪ አፍንጫውን ትደፍነዋለች። ከዚያ ቀለሙን እናቀጥነዋለን። የውሃ ቀለም በውሃ ይቀጥናል። የዘይት ቀለም በቲነር ወይም በአኳራጅ ይቀጥናል። ምን ያህል? ጣሳው ላይ ተጽፏል። ለውሃ ቀለም ብዙ ጊዜ ለ1 ሊትር በ100 ሚሊ ሊትር ውሃ መጀመር ይቻላል። ይህ አንድ የሻይ ብርጭቆ አይሞላም። በአንድ ጊዜ ብዙ ውሃ አትገልብጡ። ውሃ መጨመር እንጂ መቀነስ አይቻልም።

ከብዙ መርጫዎች ጋር ከሥሯ ቀዳዳ ያላት ትንሽ ማንቆርቆሪያ ትመጣለች። መጫወቻ አይደለችም፤ ልጆች እንዳይወስዷት። ቀለም ትሞሉባትና ቀለሙ ፈስሶ እስኪያልቅ ሰከንድ ትቆጥራላችሁ። በመምሪያው ወረቀት ላይ ስንት ሰከንድ መሆን እንዳለበት ተጽፏል። ቀለሙ ከዚያ ከዘገየ ገና ወፍራም ነው ማለት ነው። ከፈጠነ ቀጥኗል። ቁጥር ማንበብ የተማራችሁ ሁሉ ይህን ትችላላችሁ።

መጀመሪያ በአሮጌ ካርቶን ላይ ሞክሩ። አፍንጫውን ከግድግዳው አንድ ስንዝር ወይም ትንሽ በለጥ አድርጋችሁ ያዙት፤ በሴንቲ ሜትር ከ20 እስከ 30። ከቀረበ ቀለሙ ይፈሳል፤ «ግድግዳው አለቀሰ» የሚባለው ይህ ነው። ከራቀ ቀለሙ በአየር ላይ ይደርቅና ግድግዳው ላይ እንደ ዱቄት ይሆናል። እጃችሁ ከግድግዳው ጋር እኩል ይሂድ። እንደ በር አታወዛውዙት። በቅድሚያ እጃችሁን አንቀሳቅሱ፤ ከዚያ ቃታውን ሳቡ። መስመሩ ሲያልቅ ቃታውን ልቀቁ፤ ከዚያ እጃችሁን አቁሙ። ሁለተኛው መስመር የመጀመሪያውን ግማሽ ይሸፍን። አንድ ጊዜ ወፍራም አድርጎ ከመርጨት ሁለት ጊዜ ስስ አድርጎ መርጨት ይሻላል። መጀመሪያው ሳይደርቅ ሁለተኛውን አትርጩ።

መብራት ከጠፋስ? ይጠፋል እንጂ። ሶኬቱን ንቀሉ። «አሁን ይመጣል» እያላችሁ ቀለም እንደያዘ አታስቀምጡት። ወደ ጣሳው መልሳችሁ አፍንጫውን እጠቡ። እኔ አንድ ጊዜ ቡና እየጠጣሁ መብራት ስጠብቅ ቀለሙ ውስጡ ደርቆ ቀረ። መርፌ ይዤ ስቆፍር አመሸሁ። በእርጥብ እጅ ደግሞ ሶኬት አትንኩ። የመብራቱ ገመድ ውሃ ላይ አይረፍ።

አሁን ወደ ጣሳው እንመለስ። ጣሳው ላይ የተጻፈው ማስታወቂያ ብቻ አይደለም። አንድ ቃል አብረን እንቁጠር።

ተ — ቀ — ጣ — ጣ — ይ።

ተቀጣጣይ። በእሳት የሚያያዝ ማለት ነው። የዘይት ቀለምና ቲነር ተቀጣጣይ ናቸው። ጽሑፉ በእንግሊዝኛ ብቻ ከሆነም ሥዕሉን እዩ። ቀይ መስመር ባለው፣ በማዕዘኑ በቆመ አራት ማዕዘን ውስጥ የእሳት ነበልባል ካያችሁ ያው ተቀጣጣይ ማለት ነው። የራስ ቅልና አጥንት ካያችሁ መርዝ ማለት ነው።

ቀለም በብሩሽ ስንቀባና በመርጫ ስንረጭ አደጋው እኩል አይደለም። መርጫው ቀለሙን በአየር ላይ ይበትነዋል። ክፍሉ በአንድ ጊዜ በትነት ይሞላል። ይህ ትነት ከአየር ይከብዳል። በወለሉ ላይ እየተሳበ፣ በበር ሥር ሾልኮ፣ ወደሚቀጥለው ክፍል ይሄዳል። እዚያ ከሰል ተያይዞ ቡና እየተፈላ ከሆነ እሳቱን ያገኘዋል። ከዚያ እሳቱ ወደ እናንተ ይመጣል። ስለዚህ እኔ የዘይት ቀለም ቤት ውስጥ በመርጫ አልረጭም። እናንተም አትርጩ እላለሁ። የብረቱን አልጋ ወደ ግቢ አውጡትና እዚያ ርጩት። የማይወጣውን በብሩሽ ቀቡት፤ በርና መስኮት ከፍታችሁ። ከሰል፣ ሻማ፣ ኩራዝ፣ ሲጋራ በአቅራቢያው አይኑር። የውሃ ቀለም ቤት ውስጥ ሊረጭ ይችላል። እሱም ቢሆን በሩ ይከፈት፤ ልጆችና ነፍሰ ጡር ሴቶች ይውጡ።

አፍና አፍንጫችንስ? ነጠላ ማሰር ከምንም ይሻላል፤ ግን አይበቃም። ሐኪም ቤት የሚያደርጉት ዓይነት ጭምብልም የቲነርን ትነት አያቆምም። ለትነት የሚሆነው ከሰል ያለበት ማጣሪያ የተገጠመለት ጭምብል ነው። ዋጋው ከነጠላ አይበልጥም ብዬ አልዋሻችሁም። ግን በየቀኑ ቀለም እየረጨ የሚያድር ሰው ያለ እሱ መሥራት የለበትም። ዓይናችሁንም በመነጽር ሸፍኑ። ራሳችሁን ካዞራችሁ ወይም ካቅለሸለሻችሁ ቃታውን ልቀቁና ወደ ንጹሕ አየር ውጡ።

ስለ እርሳስም ልናገር። እርሳስ ስል የምንጽፍበትን ማለቴ አይደለም። የምንጽፍበት እርሳስ ውስጥ እንዲያውም እርሳስ የለም፤ ጥቁሩ ነገር ግራፋይት ይባላል። እኔ የምለው እርሳስ ከባዱ ማዕድን ነው። ቀለም እንዲያበራና ቶሎ እንዲደርቅ ፋብሪካዎች ለብዙ ዘመን ይጨምሩት ነበር። የሕፃናትን አእምሮ ይጎዳል። የዓለም ጤና ድርጅት ጉዳት የማያደርስ የእርሳስ መጠን አይታወቅም ይላል። በአገራችን እ.ኤ.አ. በ2018 በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ወጥቷል። በቀለም ውስጥ ያለው እርሳስ ከአንድ ሚሊዮን እጅ ከ90 እጅ እንዳይበልጥ ያዛል። በኪሎ ብናስበው በ1 ኪሎ ቀለም ውስጥ ከ90 ሚሊ ግራም እንዳይበልጥ ማለት ነው። ከዚያ በፊት የተቀባው በራችንና አልጋችን ግን አሁንም በቤታችን አለ። ስለዚህ አሮጌ የዘይት ቀለም በደረቁ አትፈግፍጉ። አቧራው ይበናል፤ የሚያድኸው ሕፃን ይልሰዋል። በውሃ እያራሳችሁ ፈግፍጉ። ከዚያ በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉ። አዲስ ስትገዙም «እርሳስ የሌለበት» የሚል ጽሑፍ በጣሳው ላይ ፈልጉ።

ከእኛ ትንሽ መርጫ ሌላ ኃይለኛ ዓይነትም አለ። እሱ በነፋስ አይደለም የሚሠራው፤ ቀለሙን ራሱን በብርቱ ግፊት ይገፋዋል። ጣት ላይ ከተረጨ ቀለሙን ከቆዳ ሥር ይወጋዋል። ቁስሉ የመርፌ ጫፍ ያህል ነው፤ ላያምም ይችላል። ቢሆንም በዚያው ሰዓት ሐኪም ቤት መሄድ ነው። ጣት የሚቆረጥበት ጊዜ አለ።

ሁለተኛው ስሕተቴ የሆነው ሥራው ካለቀ በኋላ ነው።

የብረት አልጋችንን ረጭቼ ጨረስኩ። መርጫው በቲነር መታጠብ ነበረበት። የቲነሩ ቆርቆሮ ትልቅ ስለሆነ ለእጅ አልመች አለኝ። በባዶ የውሃ ፕላስቲክ ጠርሙስ ቀነስኩና አፍንጫውን አጠብኩ። የተረፈውን መስኮቱ ደፍ ላይ አስቀመጥኩት። ቲነር ውሃ ይመስላል፤ ጥርት ያለ ነው። ልጄ ያን ጊዜ 4 ዓመቷ ነበር። ስትሮጥ ቆይታ ጠምቷት መጣች። ጠርሙሱን አንስታ አንድ ጊዜ ጎንጨት አደረገች።

ጩኸቷ አሁንም ጆሮዬ ውስጥ አለ። ሳሏ አላቋርጥ አለ። ባለቤቴ ጣቱን አፏ ውስጥ ከቶ ሊያስመልሳት ነበር። ያችው የጋቢዋ ባለቤት እማማ ወተት ይዘው እየሮጡ መጡ። እኔ ምንም አላልኩም፤ እጄ ብቻ ይንቀጠቀጣል። እንዲያው እግዜር ሲያወጣን ልጅቷ ራሷ አፏን አልከፍትም አለች። ተሸክመናት ወደ ጤና ጣቢያ ሮጥን። ጠርሙሱንም ይዘን ሄድን። የጤና ባለሙያዋ ጠርሙሱን አሽትታ፣ «እንኳን አላስመለሳችኋት» አለችን። ቲነር ወደ ሆድ ከሚገባው ይልቅ ሲወጣ ወደ ሳንባ የሚገባው የከፋ ነው። ስለዚህ ማስመለስ የለም። ወተት መጋትም የለም፤ ሊያስመልስ ይችላል። ወዲያው ወደ ጤና ድርጅት መውሰድ ነው፤ የጠጣውን ነገር ዕቃውን ይዞ። ሌሊቱን እዚያ አደረች። ጠዋት «እንጀራ ስጡኝ» ስትል እኔ ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

ቤት ስመለስ የቲነሩን ቆርቆሮ አነሣሁ። ከጎኑ ተጽፏል፤ በአማርኛ፣ በጉልህ ፊደል። «ሕፃናት በማይደርሱበት ቦታ ያስቀምጡ። ወደ መጠጥ ዕቃ አይገልብጡ።» እኔ አስተማሪ ነኝ። ፊደል አስተምሬ የማድር ሰው ነኝ። ያንን ቆርቆሮ ስድስት ወር ሙሉ ሳነሣው ሳስቀምጠው አንድ ቀን አላነበብኩትም። እናንተ ፊደል ገና አዲስ ነው፤ ያገኛችሁትን ሁሉ፣ የሱቁን ስም፣ የአውቶቡሱን ጽሑፍ ሳይቀር ታነባላችሁ። እኔ ለምጄው ማየት ትቼ ነበር።

ስለዚህ የማጠቡን ነገር በዚህ እንጨርስ። የውሃ ቀለም ከሆነ መርጫውን ሳይደርቅ በውሃ እጠቡ። የዘይት ቀለም ከሆነ በቲነር፣ ውጭ፣ ከእሳት ርቃችሁ እጠቡ። ያጠባችሁበትን ቲነር ቦይ ውስጥ አትድፉት። በክዳን ባለው ቆርቆሮ አስቀምጡት። ቀለሙ ከሥር ሲዘቅጥ ከላይ የጠራውን እንደገና ትጠቀሙበታላችሁ። ቀለም የጠረጋችሁበትን ጨርቅ አንድ ላይ አትከምሩ፤ ውስጥ ለውስጥ ግሎ በራሱ ሊያያዝ ይችላል። ውጭ ዘርጉትና ይድረቅ።

ከዚያ ወረቀትና እስክሪፕቶ አምጡ። በእያንዳንዱ ዕቃ ላይ በገዛ እጃችሁ ጻፋችሁ ለጥፉ። በቀለሙ ጣሳ ላይ፦

«የሳሎን ግድግዳ ቀለም። ክሬም። የውሃ። ጥቅምት 12።»

በቲነሩ ላይ፦

«ቲነር። አይጠጣም። ተቀጣጣይ።»

ሦስተኛዋን ቃል ዛሬ ቆጥረናታል። ቆርቆሮውን ቁም ሣጥን ላይ ስቀሉትና ቁልፉን ያዙ። ሳምንት እስክንገናኝ ደህና ሰንብቱ።